ቅዱስ ያሬድ፤ የትንሣኤ ምስክር

ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። ምሥጢረ ሥላሴን፣ ምሥጢረ ሥጋዌን፣ ምሥጢረ ጥምቀትንና ምሥጢረ ቁርባንን ተምሮ ወደዚህ ያልደረሰ ሰው ግድግዳውን አቁሞ ክዳኑን እንዳልከደነ ባለቤት ይቈጠራል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 15 ላይ፣ ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከቱም እምነቱም ከንቱ እንደሚሆን አስረድቷል። ሐዋርያትም በይሁዳ ስፍራ ሌላ ሰው ለመተካት በተሰበሰቡ ጊዜ የፈለጉት ባለጸጋ ወይም አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው አልነበረም፤ የጌታን መነሣት ከእነርሱ ጋር የሚመሰክር ሰው ነበረ እንጂ። ስለዚህ የትንሣኤ ምስክርነት ለክርስቲያን ዋና ሥራው ነው።

ይሁን እንጂ ሐዋርያት የመሰከሩት በዓይናቸው ያዩትንና በእጃቸው የዳሰሱትን ነው። እኛ ባዶውን መቃብር አላየንም፤ ከማርያም መግደላዊት ጋር በማለዳ አልገሠገሥንም፤ ከቶማስም ጋር የጌታን ጎን አልዳሰስንም። እንግዲህ ያላየ ሰው እንዴት አድርጎ ይመሰክራል? ቢመሰክርስ ማን ይቀበለዋል? ይህ ጥያቄ ምእመናንን ሁሉ የሚመለከት ቢሆንም ይልቁንም የሚነካው እኛን የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችን ነው። በየእሑዱና በየቀብሩ ስለ ትንሣኤ ድምፃችንን ከፍ አድርገን የምንዘምር እኛ ነንና። የጥያቄውን መልስ በቃል ብቻ ከመስጠት በአንድ ሰው ኑሮ ገልጦ ማሳየት ስለሚሻል፣ በዚህ ጽሑፍ የማሕሌታዊውን የቅዱስ ያሬድን ዜና ሕይወት እንመለከታለን።

ዜናውን ከአክሱም ከመጀመራችን አስቀድሞ ግን አንባቢን ወደ ጋይንት እንወስዳለን። በጉና ተራራ ዙሪያ፣ ከዚያም ወዲያ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ በሚያዘቀዝቀው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ቤተ ልሔም የምትባል ደብር አለች። ስሟ ጌታ የተወለደባት የይሁዳዋ ከተማ ስም ነው። ከሩቅ ለሚያያት ሰው እንደ ማንኛዋም ያገር ቤት ክብ ቤተ ክርስቲያን ትመስላለች፤ ወደ ውስጥ የገባ ግን በክቡ ቤት መካከል አራት ማዕዘን ሆኖ የተሠራ እጅግ ጥንታዊ የድንጋይ ሕንጻ ያገኛል። ለሊቃውንቱ ግን ቤተ ልሔም ከሕንጻዋ ይልቅ የምትታወቀው በድጓዋ ነው። በየትም አገር ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ዜማውን አጽንቶ፣ ምልክቱን ለይቶ በመጨረሻ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ቅዳሴ በደብረ ዓባይና በሰለልኩላ፣ አቋቋም በጎንደር፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዚያው በጋይንት ምድር በዙር አባ እንደሚመሰከር ሁሉ ድጓም በቤተ ልሔም ይመሰከራል። ስፍራውም ምስክር ቤት ይባላል።

ይህን ስም ልብ እንበለው። አባቶቻችን ትምህርት የሚፈጸምበትን ቦታ የፈተና ቤት ወይም የማዕርግ ቤት አላሉትም፤ ምስክር ቤት ብለው ሰየሙት። በዚያ ያለፈ ደቀ መዝሙር፣ የተቀበለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚመጣው ትውልድ የሚያስረክብ የታመነ ሰው መሆኑ ይመሰከርለታል፤ ከዚያም በኋላ እርሱ ራሱ ለሌላው ምስክር ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ሲናገር ለቆሮንቶስ ሰዎች ያስተላለፈው እርሱ አስቀድሞ የተቀበለውን መሆኑን አስታውቋል። ያላየ ሰው የሚመሰክረው እንዲህ ባለው መንገድ ነው፤ ከታመነ ምስክር ይቀበላል፤ የተቀበለውንም በኑሮው አጽንቶ ያስረክባል። የዚህ ምስክር ቤት አባቱ ደግሞ ያሬድ ነው።

ቅዱስ ያሬድ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ከአባቱ ከይስሐቅና ከእናቱ ከክርስቲና ተወለደ። ሰባት ዓመት በሆነው ጊዜ አባቱ ሞተ። እናቱም ልጅዋን ያለ አሳዳጊ እንዳይቀር ብላ የአክሱም ጽዮን መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። እንግዲህ ሕፃኑ ፊደል ከመቍጠሩ በፊት የተማረው ትምህርት የአባት ሞት ነበረ። ኋላ ስለ ሙታን መነሣት ለሕዝብ ሁሉ የሚዘምረው ሰው በሕፃንነቱ በአባቱ ሬሳ አጠገብ የቆመ የሙት ልጅ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባንም። ኀዘንን የማያውቅ ሰው የተናገረው መጽናናት ወደ ልብ አይገባም፤ የያሬድ ዜማ ግን ከኀዘንተኛው ልብ የሚደርሰው ጌታ ኀዘኑን አስቀድሞ ስላሳወቀው ሳይሆን አይቀርም።

ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። ጓደኞቹ መዝሙረ ዳዊትን ሲያደርሱ እርሱ ወደ ኋላ ቀረ፤ የሰማውን ወዲያው ይረሳዋል። መምህሩም በዘመኑ ልማድ ገሠጸው፤ መታውም። ልጁ መገረፉንና መናቁን መታገሥ ባቃተው ጊዜ ከአክሱም ወጥቶ ሸሸ። በመንገድም ማይ ኪራሕ በሚባለው ስፍራ ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት በዛፉ ግንድ ላይ ስትወጣ አየ። ጥቂት ከወጣች በኋላ ወደቀች፤ እንደገና ወጣች፤ እንደገናም ወደቀች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ጊዜ ከፍሬው እንደ ደረሰች ይነገራል።

ይህን ታሪክ ለሕፃናት ስለ ትጋት ስናስተምርበት ኖረናል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ከትጋት የሚበልጥ ነገር በውስጡ አለ። ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌው ጻድቅ ሰባት ጊዜ ቢወድቅ ተመልሶ እንደሚነሣ አስተምሯል። መምህራኖቻችንም ትንሣኤን ሲተነትኑ ከትንሣኤ ዘጉባኤ አስቀድመው ትንሣኤ ኅሊናንና ትንሣኤ ልቡናን ይቈጥራሉ። ከመቃብር የሚነሣው ሥጋ በመጨረሻው ቀን ነው፤ ከተስፋ መቍረጥ የሚነሣው ልብ ግን ዛሬ ነው። ያሬድ ከዛፉ ሥር የተነሣው ይህን ትንሣኤ ነው። ከተነሣም በኋላ የሄደው ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ ሌላ መምህር አልነበረም፤ ወደ መታው ወደ አባ ጌዴዎን ተመልሶ ይቅርታ ለመነ። መምህሩም ተቀበለው፤ ስለ እርሱም ጸለየ። ከዚህ በኋላ ልቡናው ተከፍቶለት መዝሙረ ዳዊትን፣ የብሉይና የሐዲስ መጻሕፍትን ሁሉ በጥቂት ጊዜ ፈጸመ፤ ማዕርገ ዲቁናንም ተቀበለ።

ቀጥሎ የሚነገረውን ስንክሳሩና ገድሉ በአንድነት ይመሰክሩታል። እግዚአብሔር በሰማያዊ ዜማ ሊመሰገን በወደደ ጊዜ ከኤዶም ገነት ሦስት አዕዋፍን ላከለት፤ በሰውም ቋንቋ አነጋገሩት። ከዚያም ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጠቀ፤ በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማሕሌት ሰማ። ወደ ምድር በተመለሰ ጊዜ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ የሰማውን አሰማ። ያ ዜማ እስከ ዛሬ አርያም ይባላል። ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ ሕዝቡም ሁሉ ድምፁን ሰምተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጡ፤ ሲሰሙትም ዋሉ።

እዚህ ላይ ካህናተ ሰማይ የሚያመሰግኑት ማንን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። ወንጌላዊው ዮሐንስ በራእዩ በምዕራፍ 5 እንደ ገለጠው ሃያ አራቱ ሽማግሌዎች የሚሰግዱት እንደ ታረደ ሆኖ ቆሞ ላየው በግ ነው። የታረደ ይወድቃል እንጂ አይቆምም፤ ይህ በግ ግን ታርዶ ሳለ ቆሟል። ስለዚህ የሰማዩ ማሕሌት ራሱ የትንሣኤ ማሕሌት ነው። ያሬድም ከሰማይ ይዞልን የወረደው የሞተውንና የተነሣውን ጌታ ምስጋና ነው። ባዶውን መቃብር ያላየ ሰው፣ ከመቃብር የተነሣው በሚመሰገንበት ዙፋን ፊት ቆሞ ምስክርነቱን ተቀበለ።

ዜማውን በሦስት ወገን ከፈለው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። መምህራን ግዕዝን በአብ፣ ዕዝልን በወልድ፣ አራራይን በመንፈስ ቅዱስ መስለው ያስተምራሉ። የዜማውም ምልክቶች ሕማማተ መስቀልን የሚያስቡ ናቸው፤ ይዘት የጌታን በአይሁድ እጅ መያዝ፣ ጭረት በጅራፍ የተገረፈበትን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ ያሳስባል። ድፋት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቍርጥም እያንዳንዳቸው ትርጓሜ አላቸው። እንግዲህ ደቀ መዝሙሩ በብራና ላይ ከቃሉ በላይ በደቂቅ ጽሕፈት የተቀመጠውን ምልክት እያየ በሚያዜምበት ጊዜ፣ የትንሣኤን ደስታ እንኳ ሲዘምር ድምፁ በሕማሙ ምልክቶች ላይ ይረማመዳል። ጌታም ከተነሣ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ የችንካሩን ምልክት አሳይቷቸው ነበረ፤ ትንሣኤው ቍስሉን አልሰወረውም።

የድጓውም ሥርዓት ይህንኑ ያስተምራል። ድጓው ዓመቱን ከመስከረም 1 ቀን ከዮሐንስ ጀምሮ በአስተምህሮ፣ በጾምና በፋሲካ ከፍሎ ይመራዋል። የዐቢይ ጾምን ሳምንታት ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መፃጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና ብለን የምንጠራቸው ከጾመ ድጓው በተገኘ ስም ነው። ዘወረደ የጌታን ከሰማይ መውረድ ያሳስባል፤ ከዚያ የጀመረው መንገድ በመቃብር በር አልፎ በፋሲካ ሌሊት ይፈጸማል። በጾሙ ወራት ከበሮና ጸናጽል ዐርፈው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። የትንሣኤ ሌሊት ከበሮው በተመታ ጊዜ ከምእመናን ወገን ማንበብ የማይችለው ሽማግሌ፣ በእናቱ ጀርባ ያለው ሕፃን እንኳ አንድ ነገር እንደ ተለወጠ ያውቃል። ቅዱስ ያሬድ ትንሣኤን መጽሐፍ ለማያነብ ሕዝብ በጆሮው አስተማረው።

በዚያ ዘመን በአክሱም የትንሣኤ ተስፋ የካህናት ነገር ብቻ አልነበረም። ንጉሡ ካሌብ በናግራን ስለ ተገደሉት ክርስቲያኖች ባሕር ተሻግሮ ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ፣ መንግሥቱን ትቶ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኰሰ፤ ዘውዱንም በጌታ መቃብር ደጃፍ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። ድል ያደረገ ንጉሥ የክብሩን አክሊል የሰጠው ለባዶ መቃብር ነው። በእግሩ የተተካው ልጁ ገብረ መስቀል ደግሞ የያሬድ ወዳጅ ሆነ።

በንጉሡና በማሕሌታዊው መካከል የሆነው ነገር በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ ተሥሎ የምናየው ነው። አንድ ቀን ያሬድ ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በአጠገቡ ቆሞ ያዳምጥ ነበረ። ንጉሡ በዜማው ስለ ተመሰጠ በእጁ የያዘው ጦር በያሬድ እግር ላይ ተተክሎ ሲወጋው አላወቀም። ያሬድም ልቡናው በምስጋናው ተነጥቆ ስለ ነበረ ሕመሙ አልተሰማው። ማሕሌቱ በተፈጸመ ጊዜ ደሙ ሲፈስስ ታየ። ንጉሡም እጅግ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ስለ ፈሰሰው ደም ካሣ እንዲሆን የወደደውን ሁሉ ይለምነው ዘንድ ፈቀደለት።

በግዕዝ ቋንቋ ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው። በሰይፍ የሞተውን ሰማዕት የምንለው ደሙ ስለ መሰከረ ነው። ያሬድ በሰይፍ አልሞተም፤ ሆኖም ምስክርነቱ ደም ያልነካው አልነበረም። የተወጋውም በጠላት እጅ ሳይሆን በሚወደው ንጉሥ እጅ ነው። ጦሩ የጌታን ጎን የወጋውን ጦር ያሳስበናል። ይህን ስንናገር ሥጋን ለመናቅ አይደለም፤ የሚነሣው ይህ ሥጋ ነውና። ነገር ግን ሥጋው እንደሚነሣ ያመነ ሰው ለሥጋው አይሳሳለትም፤ ዘሩ እንደሚበቅል የሚያውቅ ገበሬ እህሉን ወደ አፈር ሲጥል እንደማይሳሳ ሁሉ።

ንጉሡ ለያሬድ የፈቀደው ነገር ብዙ ነበረ። ርስት መለመን ይችል ነበር፤ ሹመትም መለመን ይችል ነበር። ያሬድ የለመነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ገዳም ሄዶ በጸሎት ይኖር ዘንድ እንዲያሰናብተው። ንጉሡ አዘነ፤ መኳንንቱም አዘኑ፤ ቃሉን ግን ማጠፍ አልተቻለውም። ያሬድም ከመሄዱ በፊት በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃን የተባለውን የእመቤታችንን ምስጋና አደረሰ፤ ያን ጊዜም ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ እንዳለ ስንክሳሩ ይናገራል። ከሽሽት ተመልሶ የተቀበለችው አክሱም በክብር እንዲኖርባት ስትለምነው እርሱ በፈቃዱ ተሰናበታት።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በጋይንት የሚነገር ጽኑ ትውፊት አለ። ቅዱስ ያሬድ ከንጉሥ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደዚህ አገር መጥቶ ነበር ይባላል። ወደ አምባው መውጫ ባጡ ጊዜ አቡነ አረጋዊ ዞሮ እንዲወጣ ከሰማይ ስለ ተነገረው ቦታው ዙር አባ ተባለ፤ ዛሬም ደብሩ በአቡነ አረጋዊ ስም ይጠራል። ያሬድ ዝማሬን የደረሰው በዚያ እንደሆነ፣ ዝማሬና መዋሥዕትም በዚያ እንደሚመሰከሩ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። እነዚህ ሁለት መጻሕፍት ከምንናገርበት ጉዳይ ጋር ከሁሉ ይልቅ የተቀራረቡ ናቸው።

ዝማሬ ከቅዳሴው ፍጻሜ የሚዘመር ሲሆን ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴት፣ ምሥጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ሥጋውን የበላውንና ደሙን የጠጣውን በመጨረሻው ቀን እንደሚያስነሣው ቃል ገብቷል። ቤተ ልሔም ማለትም የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ውስጥ ለቍርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ቤተ ልሔም የምትባለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ያ ደቀ መዝሙር በጋይንት ከቤተ ልሔም ወደ ዙር አባ በሚሄድበት መንገድ የእምነቱን ሥርዓት በእግሩ ይሄድበታል፤ ከእንጀራው ቤት ተነሥቶ የሕይወት ኅብስት ወደሚዘመርበት ስፍራ ይደርሳል።

መዋሥዕት ማለት ደግሞ ምላሽ ማለት ነው፤ በግራና በቀኝ እየተመላለሱ ይዘምሩታልና። ከሌሎች በዓላት ጋር ይልቁንም በሙታን መታሰቢያ ይዘመራል። ሞት ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ሙሾ አውራጅዋም ያንኑ ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃለች። ወዴት ሄደ? እንግዲህ አናየውምን? ቤተ ክርስቲያን ጥያቄውን ዝም አታሰኘውም፤ ኀዘንተኛውንም ስለ እንባው አትነቅፈውም፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷልና። ነገር ግን መልስ ትሰጣለች። በሰባት ዓመቱ የአባቱን ሞት ያየው ልጅ፣ አድጎ ለሞት ጥያቄ የሚመለስ መልስ በዜማ አዘጋጅቶ ለቤተ ክርስቲያን አስረከበ።

ከዚህ በኋላ ያሬድ ወደ ስሜን ምድር ወደ ጸለምት ሄዶ በጾምና በጸሎት ተጋደለ፤ ለተከተሉት ደቀ መዛሙርትም ዜማውን አስተማረ። በትውፊቱ ቍጥር ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ተለየ። ስንክሳሩ በሰላም ዐረፈ ይላል፤ ሌሎች አባቶች ተሰወረ ይላሉ። በሁለቱም መንገድ ተስፋው አንድ ነው።

ስለ ዕለቱ ግን ባሕረ ሐሳብ የሚያሳየንን አንድ ነገር እንጨምር። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን አይቀድምም፤ ከሚያዝያ 30 ቀንም አይዘገይም። ጰራቅሊጦስም ከግንቦት 15 ቀን በፊት አይውልም። ስለዚህ ግንቦት 11 ቀን በየትኛውም ዓመት ቢሆን ከፋሲካ በኋላና ከጰራቅሊጦስ በፊት ይውላል እንጂ ከበዓለ ኃምሳ ወጥቶ አያውቅም፤ አይወጣምም። የማሕሌታዊው መታሰቢያ ለዘለዓለም የተተከለው ጾምና ስግደት በሌለበት፣ የትንሣኤ ሰላምታ ከአፋችን በማይለይበት በኃምሳው ቀን ውስጥ ነው።

ያሬድ ካረፈ በኋላ ምስክርነቱ አላረፈም። ኋላ ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎች በእርሱ ዜማ ላይ ተመሥርተው ከእርሱ በኋላ ለተነሡት ቅዱሳን መዝሙር ስለ ጨመሩ ድጓው በዘመናት ውስጥ እየሰፋ መጥቷል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት፣ እስከ 1535 ዓ.ም. ድረስ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና መጻሕፍት ሲጠፉ ዜማውም አብሮ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ሆኖም ብራናው ቢቃጠልም በመምህራን ልብ የተጻፈው አልተቃጠለም። ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ገራና ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት በተድባበ ማርያም የድጓውን ምልክት በሥርዓት እንዳዘጋጁ ይነገራል። ከፍርሃትና ከዐመድ በኋላ ዜማው እንደገና ቆመ፤ ይህም ራሱ ለአገራችን አንድ ትንሣኤ ነበረ። ቤተ ልሔምም የተቀበለችውን ጠብቃ የድጓ ምስክር ቤት ሆና ጸናች።

በዚያ ቤት የሚኖረውን የተማሪ ኑሮ እናውቀዋለን። ደበሎውን ለብሶ፣ አኵፋዳውን አንግቶ፣ በእመቤታችን ስም ከደጅ ወደ ደጅ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ሌሊት በጎጆው እየቀጸለ ዓመታትን ይፈጽማል፤ የሚያዜምበትንም ድጓ በገዛ እጁ ይጽፋል። ዜማው የጠፋበትና ጓደኞቹ የቀደሙት ተማሪ ሌሊት ተነሥቶ ለመሄድ የሚያስብበት ጊዜ ይኖራል። ለዚያ ልጅ የያሬድ ዜና የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም። የምስክር ቤቱ አባት ራሱ አንድ ጊዜ ሸሽቶ ነበርና። መምህራንም ደካማውን ተማሪ በሚገሥጹበት ጊዜ ይህን ቢያስቡ መልካም ነው፤ ያሬድ ተመልሶ ባይመጣ፣ ወይም ተመልሶ ሲመጣ አባ ጌዴዎን ባይቀበለው ኖሮ ዛሬ ምን እንዘምር ነበር?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ያላየ ሰው እንዴት ይመሰክራል? ከያሬድ እንደ ተማርነው የሚመሰክረው ወድቆ በመነሣቱ፣ የተቀበለውን በታማኝነት በማዜሙና ክብርን በፈቃዱ በመተዉ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ ደግሞ ዜማው ብቻውን ሊቆም አይችልም። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን ራሳችንን ለመመርመር ነው። በአስከሬን አጠገብ ቆመን መዋሥዕቱን ስንመላለስ የሟቹ ልጅ ፊታችንን ይመለከታል። ዜማው ቢጣፍጥም ባይጣፍጥም የሚለይበት ዕውቀት የለው ይሆናል፤ የምንለውን የምናምን ወይም የማናምን መሆናችንን ግን ከፊታችን ያነበዋል። ተዝካሩ እስኪደርስ የምንቸኩል፣ ስለ ድርሻችን በቀብር ላይ የምንከራከር፣ ከጓደኛችን ጋር ተጣልተን በግራና በቀኝ ቆመን የምንመላለስ ከሆነ፣ አፋችን ትንሣኤን ሲመሰክር ኑሯችን መቃብሩን መልሶ ይዘጋዋል። በፍርድ አደባባይ ቃሉና ሥራው የተለያየ ምስክር ይጣላል፤ የእኛም ምስክርነት እንዳይጣል እንፍራ።

ምእመናንም ቢሆኑ ዜማ አልተማርንም ብለው ከዚህ ምስክርነት አይወጡም። ልጅዋን ቀብራ በሦስተኛው እሑድ ለቅዳሴ የምትቆም እናት ድጓ ሳትማር አስመስክራለች። የተጣላውን ወንድሙን ይቅር ያለ ሰው ከትልዋ ጋር ወድቆ ተነሥቷል። ርስቱንና ሹመቱን ስለ እውነት የተወ ሰው ከያሬድ ጋር ከአክሱም ወጥቷል።

የጋይንቷ ቤተ ልሔም ከውጭ ስትታይ አንድ ናት፤ ውስጧ ግን ሌላ ጥንታዊ ሕንጻ ይዟል። የእኛም አገልግሎት እንዲሁ ይሁን። ከውጭ የሚታየው ዝማሜና ዜማ፣ ካባና መቋሚያ በውስጡ የጸናውን የትንሣኤ እምነት የሚሸፍን ክብ ቤት ይሁን እንጂ ባዶ ቤት አይሁን። ሁላችንም በመጨረሻው ምስክር ቤት፣ መምህሩ ራሱ ክርስቶስ በሆነበት ጉባኤ እንጠየቃለንና። በዚያን ቀን ከቅዱስ ያሬድና ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ለማመስገን ያብቃን፤ ከሙታን ተለይቶ ለተነሣው ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ክብር ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።